ኮምፒውተሩን ኢንተርኔት እንዳያገኘው

እማማ ጆሯቸው ስለከበደ ስልክ የሚያወሩት እንደ ሬዲዮ አስጩኸው ነው፤ ስለዚህ የእህቴ ባል ለእናቱ በምስጢር የሚነግራቸውን ሁሉ ግቢው በነጻ ይሰማል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ግቢው ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። በረንዳው ላይ ቆሜ አንሶላ እጨምቃለሁ። «ከስልኬ ላይ ሁሉንም አጥፍቻለሁ» አለ፣ ድምፁ ከሚሠራበት የመንገድ ሥራ ካምፕ ነፋስ ጋር እየተቆራረጠ። «ከስልኩ የቆሻሻ ቅርጫትም አውጥቼ ጥያቸዋለሁ። ማታ ኮምፒውተሩን ስትከፍተው ኢንተርኔት ያገኛል፤ ያኔ እዚያ ያሉትም በራሳቸው ይጠፋሉ። ምንም አታገኝም።» እማማም «ደግ አደረግክ ልጄ፤ እያየች መቼ ትድናለች» አሉት። አንሶላው ከእጄ ወደቀ፣ ውሃው እግሬ ላይ ፈሰሰ፣ እኔም ዝም አልኩ። እኔ ዝም ማለቴን እናቴ ብትሰማ ሐኪም ቤት ትወስደኝ ነበር።

የሚያወሩት ስለ እህቴና ስለ ሚጣ ፎቶዎች ነው። ሚጣ የእህቴ ልጅ ነበረች። ስም ወጥቶላት ነበር፣ ግን በስሟ የጠራት ሰው የለም፤ ለሁላችንም ሚጣ ነበረች። ሁለት ጥርስ አብቅላ ሦስተኛዋ ልትወጣ ስትል ሳል ያዛት፣ ሆስፒታል ገባች፣ ብርድ ልብሷን ብቻ ይዘን ተመለስን። እኔ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ የመጣሁት እሷን ልይዝ ነበር። ሕፃን ልትይዝ የመጣች ሰው ሕፃኗ ከሌለች ምን እንደምትሠራ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ ስለዚህ አንሶላ አጥባለሁ። ፎቶዎቹን ሁሉ ያነሳው ባሏ ነው። የእህቴ ስልክ ቁልፍ ያለው፣ ከመደወልና ባትሪ ከማብራት በቀር ሌላ ሙያ የሌለው ነው። የእሱ ስልክ ያነሳው ሁሉ ግን የማንም እጅ ሳይነካው ወደ ኮምፒውተሩ ይገባ ስለነበር ያኔ ተአምር መስሎን ተደንቀን ነበር። ሲያስገባ ማንንም ያልጠየቀ ሲያስወጣም እንደማይጠይቅ አላሰብነውም።

ሚጣ ካረፈች ወዲህ ኮምፒውተሩ በፎጣ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የእማማ፣ አንዱ የእኔና የእህቴ፣ መሃላችን ሲዘጋ እንኳ የማይዘጋ ቀጭን በር። በዚያ ጠባብ ቤት ሦስት ሴቶች ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋን የምናወራው ነገር የሽንኩርት ዋጋ ብቻ ሆነ። «ዛሬስ ስንት ገባ?» ይላሉ እማማ። «ጨመረ» ትላለች እህቴ። «ይጨምር እንጂ፣ እሱም የቤት ኪራይ አለበት» እላለሁ እኔ፣ ይስቁ እንደሆነ ብዬ። አይስቁም። ከዚያ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ነው። ትናንት ማታ ግን እህቴ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ማናችንንም ሳታይ «ነገ ከሥራ ስመለስ ኮምፒውተሩን እከፍተዋለሁ። ላያት ነው» አለች። እማማ ምንም አላሉም። ዝም ያሉት ለካ ጠዋት የሚደውሉለት ሰው ስለነበራቸው ነው።

ለእህቴ ልደውልላት አስቤ ነበር። የምትሠራው መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ ባንኮኒ ላይ ነው፤ ሰው ስለ ልጁ ሳል ሲጠይቃት እንዴት እንደምትችለው እኔ አላውቅም። ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ልበላት? ባልሽና አማትሽ ልጅሽን ሁለተኛ ሊቀብሩብሽ ነው ልበላት? ደግሞም እማማ ክፉ ሴት አይደሉም። እህቴ በእንቅልፏ ስትቃትት ተነስተው እግሯን የሚያሹላት እሳቸው ናቸው፤ እኔን «ይቺ ምላሳም» እያሉ የራሳቸውን ድርሻ ዳቦ የሚያሻግሩልኝም እሳቸው። ምናልባት ልክ ናቸው ይሆን አልኩ ለአንድ አፍታ። ማየቱ ያብስባት ይሆን? እስከ ሰባተኛ ክፍል ይህን አላስተማሩንም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እህቴን የጠየቃት ሰው የለም። ማታ በር ከፍታ ስትገባ ኮምፒውተሩን አቅርቤ «ክፈቺው፣ አንዲት ፎቶ አትጠፋብሽም» ልላት ፈለግኩ። አንሶላውን እንደረጠበ ገመዱ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

ስልክ ጠጋኙ ያለው መንገዱ ጥግ ላይ፣ ከቁም ሣጥን በማትሰፋ ሱቅ ውስጥ ነው። አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መስታወት ሰክቶ የሰው ስልክ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ተቀምጧል።

«ኮምፒውተር ኢንተርኔት እንዳያገኘው ምንድነው የሚደረገው?» አልኩት።

«ሰው ሁሉ ኢንተርኔት እንዲመጣለት ይለምነኛል፣ አንቺ እንዳይመጣብሽ። ምን ሰርቀሽ ነው?»

«የሰፈሩን ስልክ ሁሉ አንተ ወስደህ፣ ለእኔ ምን የሚሰረቅ ተረፈኝና።»

ሳቀ። ከዚያ የማን ፎቶ እንደሆነ ስነግረው ማጉያውን ከዓይኑ ላይ አወረደና መበየጃውን አስቀመጠ። እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም፤ ከሰው ጋር ሲጣላ እንኳ እየበየደ ነው። «ስሚኝ» አለ። «ኮምፒውተር ገና ዓይኑን ሲገልጥ የሚያውቀውን ዋይፋይ ነው የሚፈልገው። እንደ ጥጃ ነው፤ በር ከተከፈተለት ወደ እናቱ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የዋይፋይ ሳጥኗን ከሶኬት ንቀያት። ከዚያ ክፈቺው። ታች በስተቀኝ ጥግ ላይ ያሉትን ምልክቶች ስትጫኚ ትንሽ አውሮፕላን ትመጣለች። እሷን ተጫኛት፣ ቀለሟ ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ አንቺ ሳትፈቅጅለት ከማንም ጋር አይገናኝም። ስትጨርሺ ፎቶዎቹን እዚህ ላይ ገልብጫቸው።» አንድ ፍላሽ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ። «መጀመሪያ አውሮፕላኗን። ሌላ ምንም ሳትነኪ።»

«ገባኝ።»

«አንቺ ሳይገባሽም ገባኝ ነው የምትይው።»

«እሱም ገባኝ» ብዬው ሮጥኩ።

ሳጥኗ ያለችው አከራያችን ቤት ነው። የግቢያችን ዋይፋይ አንድ ነው፤ አከራያችን፣ በር አጠገብ ያሉት ልብስ ሰፊ፣ ከጓሮ ያለችው ነርስና እኛ በጋራ እንጠቀምበታለን። ሳጥኗ ግን አከራያችን ሳሎን ፍሪጅ ላይ፣ ዳንቴል ተከናንባ እንደ ሙሽራ ተቀምጣለች። ሕጉም አጭር ነው፦ ማንም አይነካትም። አንዴ ነርሷ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ብላ ነቅላት ስንት ጊዜ ሰላምታ እንደተነፈገች ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁ። አከራያችን ሶፋቸው ላይ ሆነው ቴሌቪዥኑን ድምፁን ዘግተው ያያሉ፤ መብራት ይቆጥባል ብለው ያምናሉ።

«እትዬ፣ የሚቃጠል ነገር አይሸትዎትም?»

አፍንጫቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ከወዴት?»

«እንጃ። ከፍሪጁ በኩል መሰለኝ። ያ ዳንቴል አፍኗት ይሆን?»

ሁልጊዜ የሚያማርሩባት የወገብ ሕመም የት እንደሄደች እንጃ፣ ብድግ ብለው ሶኬቱን መዥረጥ አደረጉት። ሳጥኗ ላይ ያሉት አረንጓዴ መብራቶች ሁሉ ድርግም አሉ። በግራ እጃቸው ደረታቸውን ይዘው «ጎሽ ልጄ፣ ቤቴ ሊነድ ነበር» ሲሉኝ ትንሽ አፈርኩ። ትንሽ ብቻ ነው። «እስከ ማታ ትብረድ እትዬ፣ አይቸኩሉ» ብዬ ወጣሁ።

እማማ ከምሳ በኋላ ጋደም ይላሉ። ትንፋሻቸው ከወዲያኛው ክፍል ሲሰማኝ ወንበር ላይ ቆሜ ኮምፒውተሩን አወረድኩት። የተጠቀለለበት ፎጣ የሚጣ ነው። አሸተትኩት፤ አቧራ አቧራ ብቻ ይላል። አልጋው ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ አደረግኩና ከፈትኩት። እስኪነሳ ድረስ ያንጎራጉራል፣ ይሞቃል፣ ሕፃን ጭንሽ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ቁልፉ ሚጣ የተወለደችበት ቀን ነው፤ እሱን የማያውቅ ሰው ቤታችን ውስጥ የለም። ሳጥኗ ተነቅላለች ብዬ ልቤ ሞልቷል። ከዚያ ሚጣ መጣች። ስክሪኑ ሙሉ እሷ ናት፤ ገንዳ ውስጥ ሆና፣ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አረፋ፤ ከኋላ ደግፏት የሚታየው እጅ የእኔ ነው። አውሮፕላኗን ረሳኋት። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጣቴ በራሱ ሄዶ ፎልደሩን ከፈተው፤ ሚጣም ረድፍ በረድፍ ሆና መጣች። ሆስፒታል ተጠቅልላ፣ አዛግታ፣ ተኝታ፣ እጇን ሙሉ በሙሉ አፏ ውስጥ ከታ። እየሳቅኩ ነበር መሰለኝ።

ከላይኛው ረድፍ አንዷ ፎቶ ጥፍት አለች። ዓይኔ ነው ብዬ አሸሁት። ሁለተኛዋም ጠፋች። ከዚያ በየተራ፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ ሰው ከጠረጴዛ ላይ እንደሚያነሳቸው እየተነሱ፣ የታችኞቹ ባዶውን ቦታ ለመሙላት ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ወጥተው እነሱም ይጠፋሉ። ወደ ጥጉ አየሁ። ዋይፋዩ በርቷል። የተጻፈው ስም የግቢያችን ስም ነው። ሳጥኗ ሞታ ስሟ ቆሞ ይሄዳል። አውሮፕላኗን ልፈልግ ስል በችኮላ ሌላ ነገር ነካሁ፣ የድምፅ መጨመሪያ ብቅ አለብኝ። በቃ ክዳኑን ድርግም አድርጌ ዘጋሁትና እግሬ አውጪኝ አልኩ።

በአከራያችን መስኮት አሻግሬ ሳይ ሳጥኗ እንደተነቀለች ናት። ግቢው መሃል ቆሜ ሳለሁ ነርሷ ከጓሮ «ጋሼ፣ መጣልን፣ ያኑርልን» ብላ ጮኸች። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ «ምን ችግር አለው» አሉ። ወደ እሳቸው በረርኩ። ክፍላቸው ጠባብ ናት፤ ግማሹን መኪናው፣ ግማሹን የተቆረጠ ጨርቅ ይዞታል፤ እሳቸው መሃል ላይ ተርፈው ተቀምጠዋል። ስልካቸው መስኮቱ ደፍ ላይ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ሳጥኗ ጠፍታ ዋይፋዩ ከየት መጣ?»

«ከእኔ ነዋ» አሉ፣ ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ። «ሳጥኗ በጠፋች ቁጥር ግቢው ሲጮህብኝ ጊዜ የስልኬን ኢንተርኔት ስምና የይለፍ ቃል ከእሷ ጋር አንድ አድርጌ አስቀመጥኩት። እሷ ስትጠፋ የእኔን እከፍታለሁ። የማንም ዕቃ ልዩነቱን አያውቅም፣ ማንም ሳይቸገር በራሱ ይገናኛል። እስከ ዛሬ መብራት ሲጠፋ ዋይፋይ የሚቆየው በጸሎት ይመስላችሁ ነበር አይደል?»

«ያጥፉት ጋሼ።»

«ለምን? የኢንተርኔት ጥቅሉ የእኔ፣ ስልኩ የእኔ። አንቺን ምን ቆረጠሽ?»

«የሚጣን ፎቶዎች እየወሰዳቸው ነው።»

እግራቸው ፔዳሉ ላይ ቆመ። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። አልገባቸውም፣ ግን ስሟ ገብቷቸዋል። ግንባራቸው ላይ ያለውን መነጽር ጠረጴዛው ላይ ፈለጉት፣ አጡት፣ ስልኩን ያለ መነጽር አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው አጠፉት። ከዚያ ጭራሹን ዘጉትና መሳቢያ ውስጥ ከተው መሳቢያውን በጉልበታቸው ገፉት። እኔም ነገሩን ቶሎ ቶሎ ነገርኳቸው። «ስንት ወሰደ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ለመኪናው ይሁን ለጨርቁ እንጃ፣ ለእኔ ግን አይደለም፣ ቀስ ብለው «እኔ ሰው እንዳይቸገር ብዬ ነው» አሉ። ወደ ቤት ሮጥኩ።

ስመለስ እማማ አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ ጭናቸው ላይ ነው፣ ክዳኑ ተከፍቷል። እሳቸው ከመክፈት በቀር ምንም አያውቁም፤ እሱ ግን እንደተውኩት ሆኖ ተነስቶላቸዋል። ጥጉን አየሁ፦ አልተገናኘም። ምንም ሳልናገር ጎናቸው ተንበርክኬ ምልክቶቹን ተጫንኩ፣ አውሮፕላኗን አገኘኋት፣ ነካኋት፣ ሰማያዊ ሆነች። እማማ አልከለከሉኝም። ያዩት የነበረው አንዲት ፎቶ ነው። እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል፣ ሚጣ ደረታቸው ላይ ተኝታለች፣ የሁለቱም አፍ አከፋፈት አንድ ነው።

«ይቺን እሱ መቼ ነው ያነሳን?» አሉ።

«እርስዎ ተኝተው ነበራ።»

ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ «አጥፋው ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «እሱ እንቢ ብሎኝ ነበር። እያለቀሰ ነው ያጠፋው።»

«ለምን እማማ?»

«እሱ ከመወለዱ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ። በእኛ ጊዜ ፎቶ የለም። እንቅልፍ የወሰደኝ መልካቸው ከዓይኔ ሲጠፋ ነው። ለልጄም እንደዚያው ይቀላታል ብዬ ነው።»

መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን አፌ መች ያርፋል። «አሁንስ መልካቸው ይመጣልዎታል?»

«የለም» አሉ። «አንዱንም የለም።»

ፍላሹን ሰካሁና ገልብጥ አልኩት። አረንጓዴው መስመር እንደ ቀንድ አውጣ መሳብ ጀመረ። ሁለታችንም እሱን እያየን ተቀመጥን። እማማ እጃቸውን እጄ ላይ አላደረጉም፣ እኔም አላደረግኩም፤ ግን አንዳችንም ከቦታችን አልተነሳንም። መስመሩ ሞልቶ ሲያበቃ አከራያችን ሳጥኗ በርዳለች ብለው መልሰው ሰኳት መሰለኝ ከጓሮ የነርሷ ስልክ መልእክት እየተከታተለ ገብቶለት ጮኸ። ጥጉን አየሁ። ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ።

እህቴ ስትገባ ገና አልመሸም። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ በሩ ላይ ቆመች። አልጋውን አየች፣ ክፍቱን ኮምፒውተር አየች፣ እኛን አየች። «ማን ክፈቱ አላችሁ?» አለች፤ ድምፅዋን አላነሳችም። እኔ ሁሉንም ነገርኳት። ከጠዋቱ ስልክ ጀምሬ፣ ሳጥኗን፣ ዳንቴሉን፣ ልብስ ሰፊውን፣ መጨረሻውን ከመጀመሪያው እያደባለቅኩ፤ አውሮፕላኗን መርሳቴንም አልደበቅኩም። እማማ መሬት መሬት ያያሉ። እህቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝና «አንቺም አልጠየቅሽኝም» አለች።

«አልጠየቅኩም እታለም።»

«ቀድማችሁኝ አያችኋት።»

ማዳኔን ብቻ ነበር ያሰብኩት፤ ቀኑን ሙሉ ስሮጥ ይቺን አንዲት ነገር አላሰብኳትም። እህቴ ቦርሳዋን ሰቀለች። ወደ ባልዲው ሄዳ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ እስከ ክርኗ ድረስ፣ ሚጣን ከማቀፏ በፊት ሁልጊዜ እንደምታደርገው፤ በንጹሕ ፎጣም አደረቀች። ከዚያ በእኔና በእማማ መሃል ተቀመጠችና ኮምፒውተሩን ወደ ጭኗ ሳበችው። ከላይ ጀመረች። ጣቷ ቀስ እያለ ይወርዳል። «ሆስፒታል የተነሳችው የለችም» አለች። ቀጥሎ «ቤት የገባችበት ቀንም የለም።» ከዚያ በኋላ የጎደለውን መጥራት ተወችና ያለውን ማየት ያዘች። አታለቅስም። የሚያለቅሱት እማማ ናቸው፣ ያለ ድምፅ፣ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው። የእሳቸውና የሚጣ ፎቶ ጋ ስትደርስ እህቴ ሳታያቸው ኮምፒውተሩን ትንሽ ወደ እሳቸው አዞረችላቸው።

ከዚያ ያቺን ቁልፍ ያላት ስልኳን አውጥታ ደወለች። ያለ ስፒከርም ቢሆን ድምፁ ቤቱን ይሞላል።

«አጠፋሃቸው አይደል?» አለችው።

ነፋሱ ብቻ ተሰማ።

«የተረፉ አሉ። እያየኋት ነው።»

ስልኩን የዘጋው መሰለኝ። ከዚያ ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ መጣ። «ጫማዬን አቅፋ የምትስቅባት… እሷ አለች?»

እህቴ ፈለገች። ወደ ታች፣ ወደ ታች። ከመጨረሻዎቹ አጠገብ አገኘቻት። ሚጣ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የአባቷን ጭቃ የበላው የሥራ ጫማ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ሁለት ጥርሷን አውጥታ።

«አለች።»

«ላኪልኝ» አለ። «በእናትሽ። እኔ ጋ አንድም የለኝም።»

እህቴ ወደ እኔ አየች። አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ኮምፒውተሩ ገና ኢንተርኔት ሲያገኝ ሁሉም ይሄዳሉ። በፍላሽ ወስዶ ከሌላ ቦታ መላክ እንደሚቻል እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ ማናችንም አላነሳነውም።

«አልልክም» አለችው። «ማየት ከፈለግክ መጥተህ እይ።»

እሺ አላለም፣ እንቢም አላለም። እሷም ስልኩን አልዘጋችም። ነፋሱ እየተሰማ አልጋው ላይ፣ ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጠችውና የሚቀጥለውን ፎቶ ከፈተች።